ሲሙ የት ይገባል?

ዘጋቢ ፕሮግራም፤ ለሬድዮ

(ድምፅ፦ የመኪና ጩኸት፤ የማታቱ ታክሲ ረዳት በስዋሂሊ ተሳፋሪ ሲጣራ፤ ድምፁ ቀስ እያለ ይወርዳል)

ተራኪ፦ ካሳራኒ ከናይሮቢ መሀል ከተማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በሚወጣው የቲካ አውራ ጎዳና አጠገብ የምትገኝ ሰፈር ናት። ስሟ በዓለም የታወቀው በ1987 ለመላው አፍሪካ ጨዋታዎች በተከፈተው ስታዲየም ነው። በ2021 ከ20 ዓመት በታች የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ሲካሄድበት የኛዎቹ ታዳጊዎችም ሮጠውበታል። በዚህ ዝግጅት የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዛሬ ግን ስለ ሩጫ አናወራም። የኪራይ ፎቆቹ ወደተደረደሩበት ወደ ውስጠኛው ሰፈር እንገባለን። ምድር ቤቱ ሱቅ፣ የኤምፔሳ ገንዘብ መላኪያ፣ ፀጉር ቤት ነው፤ ከላይ ያለው ሁሉ የሰው መኖሪያ። ከነዋሪው ብዙው ተማሪ ነው፤ ዩናይትድ ስቴትስ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው፣ ኬንያታ ዩኒቨርሲቲም በዚያው መንገድ ትንሽ ወጣ ብሎ ይገኛል። ሐበሾችም አሉ። ከእነሱ አንዷ ቀን ተማሪ፣ ማታ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የቪዲዮ ጽሑፍ ተርጓሚ ናት። ሥራውን የምትቀበለውም የምታስረክበውም በኢንተርኔት ነው፤ ቀጠሮ ካለፈ ክፍያ የለም። ስሟን እንዳንጠራ ስለጠየቀችን ተማሪዋ እንላታለን።

ተማሪዋ፦ ቤቱ ዋይፋይ አለው፤ ችግሩ መብራት ሲጠፋ አብሮ መጥፋቱ ነው። በስልኬ ሆትስፖት እሠራለሁ፤ ግን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ስልኩ ይግላል፣ ባትሪውም ያልቃል። ስልክ ሲደወልልኝ ደግሞ አንዳንዴ ይቋረጥብኛል። ሲም ራሱ ውስጥ የሚገባበት ትንሽ ላፕቶፕ እንዳለ ሰማሁ። በቦርሳዬ ይዤው ማታቱ ታክሲ ውስጥም የምሠራበት።

ተራኪ፦ ፍላጎቱ አዲስ አይደለም። በ2007 የታይዋኑ አሱስ ኢ ፒሲ የተባለውን ሰባት ኢንች ስክሪን ያለው፣ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ የማይሞላ ላፕቶፕ ሲያወጣ የትንንሾቹ ዘመን ተጀመረ። ኬንያ በዚያን ጊዜ ከቀሪው ዓለም ጋር የሚያገናኛት የባሕር ኬብል ስላልነበራት የምትተማመነው በሳተላይት ነበር። ቲምስ እና ሲኮም የተባሉት ኬብሎች ሞምባሳ የደረሱት በ2009 ነው። ከዚያ በኋላ በዩኤስቢ የሚሰካው ሞደም፣ እኛም ዶንግል ያልነው፣ ከናይሮቢ እስከ አዲስ አበባ በየላፕቶፑ ጎን ተንጠልጥሎ ታየ። ሲነካ የሚነቀል፣ ቦርሳ ውስጥ የሚታጠፍ፣ ብድር ሄዶ የማይመለስ ዕቃ ነበር። ትንንሾቹ ላፕቶፖችም አቅማቸው ደካማ ስለነበር ታብሌት ሲመጣ ገበያውን ለቀቁ።

ቦታቸውን የያዘው ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ዕቃ ነው። የአውሮፓ ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው የሚገዟቸው ባለ 12 ከግማሽ ኢንች ላፕቶፖች አሉ፤ የሌኖቮ ቲንክፓድ ኤክስ ተከታታይ፣ ከኤችፒ ኤሊትቡክ፣ ከዴል ላቲቲዩድ ትንንሾቹ። ብዙዎቹ ሲፈለግ ሞደም ከውስጥ እንዲገባላቸው ሆነው የተሠሩ ናቸው። ኩባንያው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲጥላቸው ተወልውለው ናይሮቢ ይገባሉ። ነጋዴው ኤክስ ዩኬ ይላቸዋል፤ አዲስ አበባ ቢሆን ስላሽ ይባሉ ነበር።

(ድምፅ፦ የገበያ ግርግር፤ ደረጃ ሲወጣ)

ተራኪ፦ አሁን መሀል ከተማ፣ ከሉቱሊ ጎዳና ብዙም ሳንርቅ፣ የአንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነን። ተማሪዋ ብቻዋን አልመጣችም፤ ኢስሊ በተባለው የናይሮቢ ሰፈር ስልክና ላፕቶፕ የሚጠግኑ አንድ አባት አብረዋት አሉ። ነጋዴው ከመስታወቱ ሥር አንድ ቲንክፓድ ኤክስ 280 አውጥቶ ጀርባውን አዞረና ትንሿን ሲም መግቢያ አሳያት። ፊቷ ሲበራ አየነው፤ እሱም አየ።

ቴክኒሻኑ፦ ቆይ ልጄ፣ አትቸኩዪ። ይቺ መሳቢያ ሜሞሪ ካርድም የሚገባባት ናት። ሞደም ኖረውም አልኖረው መሳቢያዋ አትቀርም። ቤቱ አለ፤ ባለቤቱ አለ ወይ ነው ጥያቄው።

ተማሪዋ፦ ታዲያ በምን እናውቃለን፣ ጋሼ?

ቴክኒሻኑ፦ ሆዱን ከፍተን ነዋ!

(ድምፅ፦ ብሎን ሲፈታ)

ተራኪ፦ ነጋዴው ቅር እያለውም ቢሆን ፈቀደ። እንደ እኛ አስተያየት፣ ክዳኑን ማስከፈት የማይፈልግ ሱቅ ካጋጠመ ሰላምታ ሰጥቶ መውጣት ነው። ክዳኑ ሲነሳ ከባትሪው በላይ የጣት ጫፍ የምታህል ባዶ ማስገቢያ ታየች። ቴክኒሻኑ ግን ማስገቢያዋን አልፈው የሚፈልጉት ቀጫጭን ሽቦ ነበር።

ቴክኒሻኑ፦ አየሽ፣ ጥቁሩና ግራጫው የዋይፋይ ነው። የሞደሙ ደግሞ ቀይና ሰማያዊ ነው፤ ከዚህ ተነስቶ በስክሪኑ ዳር ወደ ላይ ይወጣል፣ አንቴናው እዚያ ነው። እዚህ ቀይም ሰማያዊም የለም። ካርዱን ገዝቼ ልሰካልሽ ብል እንኳ አንቴና ለመዘርጋት ስክሪኑን መበተን አለብኝ። ይሄ አይሆንሽም።

ተራኪ፦ ሁለተኛው ተከፈተ፣ ሦስተኛውም። በሦስተኛው ላይ ቀይና ሰማያዊ ሽቦ ጫፋቸው በትንሽ ካርድ ላይ ተሰክቶ አገኘናቸው። ካርዱ ላይ ፊቦኮም፣ ኤል 850 የሚል ተጽፏል። ቴክኒሻኑ ቀና ሳይሉ በአማርኛ ተናገሩ።

ቴክኒሻኑ፦ አገኘነው። ደስታሽን ዋጥ አድርጊ፤ ሰውዬው ያለውን ካወቀ ይጨምርብሻል።

ተራኪ፦ በርግጥ ነጋዴው ሞደም ያለውንና የሌለውን በአንድ ዋጋ ነበር የደረደረው። ብዙ ገዢ ስለማይጠይቅ ሻጩም አይለይም። ነገሩ ጠያቂን የሚጠቅም ነው፤ ግን ካርዱ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። የኬንያ አራተኛ ትውልድ ኔትወርክ በዋናነት በ800 እና በ1800 ሜጋኸርዝ ላይ ይሠራል። ለአሜሪካ ገበያ ብቻ ታስበው ከተሠሩት አንዳንድ የቆዩ ካርዶች 800ን የማያውቁ አሉ፤ እንዲህ ያለው ካርድ አደባባይ ላይ ሠርቶ ቤት ውስጥ ሊያቅተው ይችላል፣ ግድግዳ ዘልቆ የሚገባው ዝቅተኛው ሞገድ ነውና። ሌላው ችግር የሌኖቮና የኤችፒ የቆዩ ላፕቶፖች የራሳቸው ፋብሪካ ያልፈቀደውን ካርድ ሲያገኙ ገና ሲበሩ አልነሣም ማለታቸው ነው። ስለዚህ ካርድ ለብቻ ከመፈለግ ከነካርዱ የመጣውን መምረጥ ይሻላል።

ተማሪዋ ሲሟን ከስልኳ አውጥታ አስገባች። ከዊንዶውስ የኔትወርክ ማስተካከያ ውስጥ ሴሉላር የሚል መስመር መጣ፤ በመጀመሪያዎቹ ላይ ይህ መስመር አልነበረም። ኤፒኤን በሚለው ቦታ የስልክ ድርጅቱን ስም፣ ሳፋሪኮም ብላ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ጻፈች። ኔትወርኩ ያዘ።

ስለ ራምና ሃርድ ዲስክ ሱቁ ራሱ ስለሚለፍፍ አናቆያችሁም። አንድ ነገር ብቻ፦ ኤክስ 280 ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ ስምንት ጊጋ ገዝቶ ነገ እጨምራለሁ ማለት አይቻልም።

ስክሪኑ ላይ ግን እንቆይ፤ አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ሌላ ጉዳይ አለውና። ይህ ላፕቶፕ በሁለት ዓይነት ስክሪን ተሠርቷል፤ አንዱ 1366 በ768 ነጥብ፣ ሌላው 1920 በ1080። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ልዩነቱን ችላ ማለት ይቻላል። የኛ ፊደል ግን ሳድስን ከካዕብ፣ ኀምስን ከሣልስ የሚለየው በአንዲት ቅጥያ ወይም በአንዲት ቀለበት ነው። ተማሪዋ ሁለቱን ላፕቶፖች ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ ፊደሉን እንደ ሥራዋ አሳንሳ፣ ጸ ጹ ጺ ጻ ጼ ጽ ጾ ብላ ጻፈች። በአነስተኛው ስክሪን ላይ የጺና የጼ እግር ተመሳስሎ ቀረ።

ተማሪዋ፦ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ይህንን እያየሁ ስህተት ልለቅም ነው?

ቴክኒሻኑ፦ አይሆንም። ደግነቱ ሞደም ያለው ጥሩውን ስክሪን የያዘው ነው።

ተራኪ፦ እዚህ ላይ ከባድ ምርጫ ገጠማቸው። በመደርደሪያው ላይ አንድ ዓመት የሚቀድመው ኤክስ 270 ነበር፤ እሱም ሞደም አለው። ሁለት ባትሪ ስላለው የኋላውን ሳያጠፉ ነቅሎ ሌላ መሰካት ይቻላል። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ኤክስ 280 ይህ የለውም፤ ባትሪው አንድ፣ ያውም ከውስጥ። ነገር ግን 270 የተሠራው በስድስተኛና በሰባተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ነው፤ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛው ጀምሮ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ሊኑክስ ለሚጠቀም ሰው እኔ 270ን ነበር የምመርጥለት፤ ስምንተኛ ትውልድ ያላት ኤክስ 280 በእጇ ያለች፣ አሠሪዎቿ የዊንዶውስ ሶፍትዌር የሚያዝዟት ይህች ተማሪ ግን ምርጫዋ ግልጽ ነበር።

ከመክፈል በፊት ሁለት ነገር ቀረ። ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት አለ፤ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የሚይዘውንና ዛሬ የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። ግማሽ የደረሰ ከሆነ የባትሪው ዋጋ ከላፕቶፑ ዋጋ ላይ ይቀነሳል፤ ክርክሩም በወረቀት ይሆናል። ሁለተኛው ቴክኒሻኑ አጥብቀው የያዙት ነው።

ቴክኒሻኑ፦ እንደ አዲስ አስጀምረው። ኢንተርኔት አገናኘውና ከዜሮ ይጀምር።

ተራኪ፦ ነጋዴው ለምን እንደሆነ ገብቶታል። እነዚህ ላፕቶፖች የኩባንያ ንብረት የነበሩ ናቸው። ኩባንያው ከመዝገቡ ካልሰረዛቸው፣ እንደ አዲስ ሲጀመሩና ኢንተርኔት ሲያገኙ የማታውቁት ድርጅት ስም ከነሰላምታው ብቅ ይልና የሠራተኛ መለያ ይጠይቃል። ሱቅ ውስጥ ያለ ኢንተርኔት ተከፍተው ደኅና የሚመስሉት ቤት ሲገቡ ይቆለፋሉ። የተማሪዋ ምርጫ ሲጀምር የጠየቀው ቋንቋና አገር ብቻ ነበር።

ተማሪዋ፦ ቻርጀሩ ባለ ሦስት ሹል ነው። አገር ቤት ስሄድ የት እሰካዋለሁ?

ቴክኒሻኑ፦ የእንግሊዝ ሶኬት ነው፣ ለኬንያ ልኩ ነው። ለኛ ሁለት ክብ ሹል ያለው ገመድ ብቻ ትቀይሪያለሽ፤ ወይም በዩኤስቢ ሲ ስለሚሞላ እዚያ ያለውን የላፕቶፕ ቻርጀር ትሰኪበታለሽ። ሲሙን ግን የአገር ቤት አድርጊው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ስሙ አንድ ቢሆንም ሲሙ ሌላ ነው፤ ይሄኛው እዚያ ሮሚንግ ነው የሚቆጥርብሽ።

ተራኪ፦ ዋጋው ላይ ትንሽ ተከራከሩ፤ ነጋዴው ሁለት ሺህ ሽልንግ ቀነሰ፤ ክፍያው በኤምፔሳ ሆነ።

ይህ ሁሉ ልፋት ለማን ይገባል? በቀን ግማሽ ሰዓት ኢሜይል ለሚያይ ሰው የስልክ ሆትስፖት ይበቃዋል፤ ለሞደም ብሎ አንዲት ሳንቲም መጨመር የለበትም። ሥራው ከቀጠሮ ጋር ለታሰረ፣ መብራት ሲጠፋ ማቆም ለማይችል ግን ሲሙ ላፕቶፑ ውስጥ መሆኑ ስልኩን ለስልክነቱ ይተውለታል። ሰፈሩ ሲጨልም የኔትወርክ ማማው መጠባበቂያ ኃይል እስከሠራ ድረስ ኔትወርኩ ይቆያል፤ ላፕቶፑም ከራሱ ባትሪ ይሠራል።

(ድምፅ፦ ስልክ ሲጠራ)

ተራኪ፦ በማግስቱ ማታ ቴክኒሻኑ ሱቃቸውን ሊዘጉ ሲሉ ስልካቸው ጠራ።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ መብራት ጠፍቶ በሱ እየሠራሁ ነበር፤ አሪፍ ነው። ግን በ*544# የገዛሁት ዳታ ሁሉ አለቀ! ምንም ቪዲዮ አላየሁም።

ቴክኒሻኑ፦ አንቺ አላየሽም፣ ዊንዶውሱ ራሱን ሲያድስ ሳይሆን አይቀርም። ላፕቶፕ እንደ ስልክ ቁጥብ አይደለም፤ የሚለካ ግንኙነት የሚለው ከጠፋ ገደብ የሌለው ዋይፋይ ያገኘ ይመስለዋል። ሴሉላር የሚለውን ክፈቺና መብራቱን እዪ፤ ጠፍቶ ከሆነ አብሪው። ፎቶና ፋይል ወደ ክላውድ የሚሰቅለውንም አጥፊ።

ተማሪዋ፦ እሺ፤ እስከዚያው ሌላ ጥቅል ልግዛ?

ቴክኒሻኑ፦ መጀመሪያ አጥፊ፣ ከዚያ ግዢ። ዝማኔውን ዩኒቨርሲቲ ስትሄጂ በነሱ ዋይፋይ ታወርጂዋለሽ።