ፈረሱና በቅሎው
ስለ ተወደደ አሮጌ አውቶሞቢል በአዲስ መለወጥ

አንድ ሰው ብዙ ዘመን የወደደውን ስፖርት አውቶሞቢል አሰናብቶ፥ በየቀኑ የሚያገለግለው አዲስ መኪና ለመግዛት ሲያስብ፥ ነገሩ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታየዋል። እኛ ግን የቤተ ሰብ ጉዳይ ነው ብለን ስለምናምን በዚህ ገጽ ጥቂት ልንጽፍበት ወደድን። ለምሳሌ የመረጥነውም ፖርሼ 911 የተባለውን የጀርመን አውቶሞቢል ነው፤ የዚህ መኪና ታሪክ ራሱ የአያት፥ የአባትና የልጅ ልጅ ታሪክ ነውና። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ በእኛ አቆጣጠር ብለን ከለየነው አንዱ በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአገራችን የጥንቱ መኳንንት ለመንገድ በቅሎ፥ ለጦርነትና ለጉግስ ፈረስ ነበራቸው። ጌታው ሩቅ አገር ሲሄድ በሰጋር በቅሎ ይቀመጣል፤ ፈረሱ ግን ማንም ሳይቀመጥበት በሎሌ እየተሳበ ይከተላል። ይህ ፈረሱን ከመናቅ የመጣ አልነበረም። እንዲያውም ጌታው የሚጠራው በፈረሱ ስም ነበረ፤ አጤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዳግማዊ አጤ ምኒልክ አባ ዳኘው መባላቸው ከዚህ የተነሣ ነው። ዳሩ ግን ዳገቱን የሚያወጣ፥ ወንዙን የሚያሻግርና ጌታውን በደኅና ከቤቱ የሚያገባው በስሙ የማይፎከርለት በቅሎ ነበረ። አባቶቻችን የሁለቱን ሥራ ለይተው ያውቁ ስለ ነበር፥ ፈረሱን የበቅሎ ሥራ አያሠሩትም፤ በቅሎውንም ፈረስ አይደለህም ብለው አይነቅፉትም።

ስፖርት አውቶሞቢል ከፈረሱ ወገን ነው። በቅሎ አባትህ ማን ነው ቢባል እናቴ ፈረስ ናት አለ ይባላል፤ ፖርሼ ግን ፈረስ ሲሆን፥ አባቱን ቢጠየቅ በቅሎ ነው ብሎ መመለስ ይገባዋል። ይኸውም በ1875 የተወለደው ፈርዲናንድ ፖርሼ የተባለው መሐንዲስ በ1930ዎቹ ዓመታት ለሕዝብ የሚሆን ርካሽ መኪና ነድፎ ነበር፤ እርሱም እኛ ቮልስ እያልን የምንጠራው ቮልስዋገን ነው። ይህን መኪና ለአገራችን ሰው ማስተዋወቅ አያሻም። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የወጡት በዚሁ በቮልስዋገን እንደ ነበረ ሁሉም ያስታውሳል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ልጁ ፌሪ ፖርሼ፥ ግሙንድ በምትባል በአንዲት ትንሽ የኦስትሪያ ከተማ ሆኖ፥ የአባቱን የቮልስዋገንን ብልቶች ሰብስቦ ቀላልና ፈጣን መኪና ሠራ። 356 የተባለው ይህ መኪና የመንገድ ፈቃድ ያገኘው በሰኔ 1948 ነው። ከዚያም የልጅ ልጁ ፈርዲናንድ አሌክሳንደር የአሁኑን ቅርጽ ነድፎ በ1963 በፍራንክፈርት ለሕዝብ ታየ። ያን ጊዜ ስሙ 901 ነበረ፤ ነገር ግን የፈረንሳዩ የፔጆ ፋብሪካ በመካከሉ ዜሮ ያለበት ባለ ሦስት አኃዝ ስም የእኔ ነው ብሎ ስለ ተቃወመ 911 ተባለ። በአንድ አኃዝ ለውጥ ይህን ያህል ዝነኛ ስም መገኘቱ የሚያስደንቅ ነው።

ይህ መኪና ለምን እንደሚወደድ ሳንናገር ብናልፍ ባለቤቶቹን መበደል ይሆንብናል። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ስድስት ሲሊንደር አለው፤ የሚቀዘቅዘውም እንደ ቮልሱ በነፋስ ነው እንጂ በውሃ አይደለም። የመጀመሪያው የ130 ፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ክብደቱም ከ1,000 ኪሎ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ነጂው ተቀምጦ ፊት ለፊቱ አምስት ክብ መቁጠሪያዎች ያያል፤ ትልቁና በመካከል ያለው የመንገዱን ፍጥነት ሳይሆን የሞተሩን ዙር የሚናገረው ነው። ቁልፉ የሚገባው ከመሪው በስተ ግራ ነው። በብርድ ወራት ነጂውን የሚያሞቀው አየር በጭስ ማውጫው ሙቀት የሞቀ ነውና ጥቂት የዘይት ሽታ አያጣውም፤ ባለቤቶቹም ይህን ሽታ እንደ ዕጣን ይወዱታል። ዘይቱ ከሞተሩ ተለይቶ በራሱ ጋን ይቀመጣል፤ ስለዚህ መጠኑን ለማወቅ መኪናው በደልዳላ ስፍራ ቆሞ፥ ሞተሩ በሚገባ ሞቆ፥ እየሠራ ሳለ መለካት ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ሰው በየሳምንቱ ሲያደርግ፥ መኪናው ዕቃ መሆኑ ይቀርና እንደሚቀለብ ከብት ይሆንበታል። ፍቅሩም የሚበረታው በዚህ ነው፤ ሰው ካገለገለው ነገር ይልቅ እርሱ ያገለገለውን አብልጦ ይወዳልና።

ነገር ግን ይህ ፈረስ አመል አለው። ሞተሩ ከኋላው ጎማ ወዲያ ስለ ተቀመጠ፥ ነጂው በጥምዝ መንገድ ላይ በፍጥነት ገብቶ ደንግጦ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ቢያነሣ፥ የመኪናው ጅራት ዞሮ ፊቱን ሊቀድም ይችላል። ፋብሪካው ራሱ ይህን አውቆ በመጀመሪያዎቹ ላይ ከፊት መከላከያው ውስጥ የብረት ሚዛን ጨምሮ ነበር፤ ከ1968 በኋላ ደግሞ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለውን ርቀት በ57 ሚሊሜትር አስረዘመው። በደረቅ መንገድ፥ በእሑድ ጧት፥ ዕረፍት ባገኘ ነጂ እጅ ይህ አመል ደስታ ነው። በዝናብ ቀን ማታ፥ ከሥራ ደክሞ በሚመለስ ሰው እጅ ግን ሌላ ነገር ነው። የዕለት ኑሮ ደግሞ አብዛኛው የሁለተኛው ዓይነት ነው።

የጀርመን መንገድ በብርድ ወራት በረዶውን ለማቅለጥ ጨው ይበተንበታል። ጨው የላሜራ ጠላት ነው። ፋብሪካው ላሜራውን በዚንክ መለበጥ የጀመረው በ1975 ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት የተሠሩት በየቀኑ ጨው ላይ ቢነዱ ከሥር ተበልተው ያልቃሉ። አጭር መንገድም ይጎዳቸዋል፤ ያ ሁሉ ዘይት ሳይሞቅ ሞተሩ ስለሚጠፋ እርጥበቱ ከዘይቱ ሳይወጣ ይቀራል። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት፥ ከትምህርት ቤት እስከ ገበያ እያሉ መንዳት ማለት እንግዲህ የሚወዱትን ነገር በጥቂት በጥቂቱ መግደል ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው መኪናዬን እወዳለሁ ቢል አናምነውም።

ይህ ሁሉ ግን ስለ መኪናው ነው። አሁን ስለ ልጁ እንናገር።

911 ከኋላ ሁለት ትንንሽ ወንበሮች አሉት። ብዙ አባት ልጅ ሲወለድለት እነዚህን ወንበሮች እያሳየ፥ ስፍራ አለን እኮ፥ ምን ጎደለን ይላል። በ1960ዎቹ ከተሠሩት በብዙዎቹ ላይ ግን ለኋላ ወንበር ቀበቶ የለም። የጀርመን ሕግም ዕድሜው 3 ዓመት ያልሞላ ሕፃን ቀበቶ በሌለው አውቶሞቢል እንዲሳፈር አይፈቅድም። ሕጉ ባይኖርስ? በ1970 ዓመት በምዕራብ ጀርመን ብቻ ከ19,000 የሚበልጡ ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞቱ። በ2023 ግን ምሥራቁና ምዕራቡ አንድ በሆነበት አገር፥ መኪናው እጅግ በዝቶ ሳለ፥ የሞቱት ከ3,000 ያነሱ ናቸው። ይህ የሆነው በብዙ ምክንያት ነው፤ የፍጥነት ወሰን ተደንግጓል፥ ቀበቶ ማሰር ግዴታ ሆኗል፥ የቆሰሉትም ፈጥነው ሐኪም ዘንድ ይደርሳሉ። ከምክንያቶቹ አንዱና ትልቁ ግን የመኪናው አሠራር መለወጡ ነው።

የዱሮ ብረት ወፍራም ነው፥ የዛሬው ቆርቆሮ ነው የሚል ሰው በየአገሩ አይጠፋም። ይህ ንግግር ትልቅ ስሕተት ስለ ሆነ ዝም ብለን አናልፈውም። መኪና ሲጋጭ ያ ሁሉ የሩጫ ኃይል አንድ ቦታ መሄድ አለበት፤ ብረቱ እምቢ ካለ ኃይሉን የሚቀበለው የሰው ደረትና ራስ ነው። ቤላ ባሬኒ የተባለ የሜርሴዲስ ቤንዝ መሐንዲስ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ይህን አስተውሎ፥ የመኪናው ፊትና ኋላ ታስቦበት እንዲጨማደድ፥ ሰው ያለበት መካከሉ ግን እንዲጸና አደረገ። ኒልስ ቦሊን የተባለው የቮልቮ መሐንዲስ ደግሞ በ1959 ደረትንና ወገብን በአንድነት የሚይዘውን ቀበቶ አወጣ፤ ቮልቮም ሌሎች ፋብሪካዎች እንዲሠሩበት ፈቀደ። ከ1978 ጀምሮ ፍሬን ሲያዝ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚከለክል መሣሪያ መጣ። ያን የጅራት መዞር የሚቈጣጠር መሣሪያም ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት በሚሸጥ አዲስ የቤት አውቶሞቢል ሁሉ ላይ ግዴታ ሆኗል። ወፍራም ብረት ከዚህ ሁሉ አንዱን አይተካም።

አዲሱ መኪና ልብ አይማርክም ቢሉን አንከራከርም። በሩ ሲዘጋ ድምፁ እንደ ትራስ ነው፤ ሞተሩ ይሥራ አይሥራ አይታወቅም፤ በየምክንያቱ እየጮኸ ነጂውን ይገሥጻል። ሆኖም አንድ ነገር ያስቀናል። ተራው ሰው ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስበት ቮልስዋገን ጎልፍ፥ 130 ፈረስ ጉልበት ባለው ሞተር ሲሸጥ ቆይቷል። የመጀመሪያው 911 ዓለምን ያስደነቀበት ጉልበት፥ ቁጥሩ ሳይጨምር ሳይቀንስ፥ ዛሬ የሽንኩርትና የዳቦ ማመላለሻ ሆኗል ማለት ነው።

ስለ ባልና ሚስት ደግሞ ጥቂት እንበል። ስፖርት አውቶሞቢሉን የሸጠ ሰው ከወዳጆቹ ጋር ሲጫወት፥ ሚስቴ አሸጠችኝ ማለት ልማዱ ነው። ይህን አነጋገር አንወደውም። አንደኛ፥ ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም፤ በዚያ መኪና ላይ መሪ ጨብጠው የሚደሰቱ ሴቶች ቁጥራቸው ጥቂት አይደለም። ሁለተኛ፥ ራሱ የወሰነውን ነገር በቤቱ እመቤት ላይ የሚያላክክ ሰው ጸጸቱን ወደ ቤቱ ያስገባዋል፤ በገባም ጊዜ በእራት ገበታ ላይ ይቀመጣል። ሁለቱ ተቀምጠው፥ ሒሳቡን ጽፈው፥ አንድ ቃል ሆነው ቢወስኑ ይሻላል። ልጅ በተወለደ በሳምንቱ፥ እንቅልፍ በጠፋበት ጊዜ ባይሸጡት ደግሞ መልካም ነው።

በችኰላ የሸጠ ሰው መልሶ የመግዛት ተስፋው ጠባብ ነውና። በነፋስ የሚቀዘቅዘው 911 መሠራቱ በ1998 ቀረ፤ ፌሪ ፖርሼም ያረፈው በዚያው ዓመት ነው። ከ2010 ወዲህ ባሉት ዓመታት የነዚህ መኪናዎች ዋጋ እጅግ ከመወደዱ የተነሣ፥ በተራ ዋጋ የሸጡት ሰዎች መልሰው ሊገዙት አልቻሉም። አዲሱ 911 በውሃ የሚቀዘቅዝ ሆኖ የዕለት ሥራም ይችላል፤ የእርሱ ዋጋ ግን ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ስፍራና አቅም ላለው ሰው፥ እንደ አባቶቻችን በቅሎውንም ፈረሱንም መያዝ ይቻላል። የጀርመን መንግሥት ለዚህ መንገድ ከፍቷል። ከ1997 ጀምሮ 30 ዓመት የሞላውና እንደ ጥንቱ የተጠበቀ መኪና በታርጋው ላይ የታሪካዊነት ምልክት የሆነች አንዲት ፊደል ይሰጠዋል፤ ቀረጡም በዓመት የተቈረጠ ነው። ከዚያው ዓመት ጀምሮ ወራቱ የተጻፈበት ታርጋም አለ፤ ባለቤቱ ለምሳሌ ከ4ኛው ወር እስከ 10ኛው ወር ብቻ ይነዳል፥ ቀረጥ የሚከፍለውም ለነዚያ ወራት ነው፤ ጨው በሚበተንበት ጊዜ መኪናው ቤቱ ይተኛል። ከ2017 ወዲህ ሁለቱን በአንድ ታርጋ ማጣመር ተፈቅዷል።

ከሁሉ የከፋው ግን አለመሸጥም አለመንዳትም ነው። አንድ ቀን አድሰዋለሁ እያለ በሸራ ሸፍኖ በጋራዥ ጥግ የሚያቆመው ሰው፥ ፍሬኑ ይጣበቅበታል፥ ጎማው ይሰነጠቃል፥ ቤንዚኑ በጋኑ ውስጥ ይበላሻል፥ የሞተሩ ላስቲኮች ደርቀው ዘይት ያፈስሳሉ። ከዚህ ይልቅ ለሚነዳው ሰው መሸጥ ይሻላል።

የእኛም አገር ባለ ቮልሶች ከዚሁ ምርጫ ፊት ቆመዋል። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፥ አዲስ የሚገዛው ሰው ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዙሯል። ቮልሱ ውሃ የለውምና ወደ እንጦጦ ሲወጣ አይፈላበትም፤ ኤሌክትሪኩም ቤንዚን ስለማይሻ በማደያ ሰልፍ አይቆምም። ለሕፃን ግን ከኋላ ቀበቶ መኖሩን አስቀድሞ ማየት በበርሊንም በአዲስ አበባም አንድ ነው።

ለመሸጥ የቆረጠ ሰው ሊብሬውን፥ ትርፉን ቁልፍና የጥገናውን ደብተር ሁሉ አብሮ ያስረክብ። ገዢው መኪናውን ከመውሰዱ በፊትም አብረው አንድ ዙር ነድተውት ይመለሱ፤ ከዚያም በደልዳላ ስፍራ አቁመው፥ ሞተሩን ሳያጠፉ፥ ዘይቱን አንድ ጊዜ በገዢው እጅ ያስለካው።