የሚጠጣ ምግብ፦ ስለ ቡና፥ ስለ ጠላና ስለ ጨቃ

በአማርኛ «እህል ውኃ» ሲባል ሁለቱ ነገሮች በየግብራቸው ተለይተው ይጠራሉ፤ እህል ለረኀብ፥ ውኃ ለጥም ነውና። የኑሮ ጥናት የሚያደርግ ተማሪም ይህንኑ ክፍፍል ይዞ ወደ ሰው ቤት ሲገባ የመሶቡን እንጀራ ይቈጥራል፤ የጋኑን ጠላ ግን ከምግብ ሳያገባው ያልፋል። ይህ አቈጣጠር በደጋው አገር ጕድለት አለው፤ ወደ ደቡብ ሲወረድ ግን ፈጽሞ ስሕተት ይሆናል።

ቡና ከጥም ጋር ያለው ግንኙነት ጥቂት ነው። ቋንቋችንም ይህን ያውቃል፤ ውኃ ለጠማው «ጥም»፥ ቡና ላጣው «አራራ» ይላልና። አቦል፥ ቶናና በረካ ተደምረው እንኳ ከአንድ ብርጭቆ ብዙ አይበልጡም። ቡና ሰውነትን ያደርቃል የሚባለው ግን በልኩ ለሚጠጣ ልማደኛ እውነት አይደለም። የሚበልጠው ነገር በአመጋገብ ላይ ያለው ሥልጣን ነው፤ ቆሎውና ዳቦው «የቡና ቁርስ» ተብሎ ጊዜውን ከጀበናው ይቀበላል። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጣ ደግሞ ከእህሉ የሚገኘው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ በከፊል ያግዳል።

ጠላ ለደቦ ሠራተኛ ጥምን ይቈርጣል፤ አልኮሉ ሽንትን ቢያበዛም መጠጡ ቀላል እስከሆነ ድረስ ከውኃው የሚበዛው በሰውነት ይቀራል። ስለ አረቄ እንዲህ ማለት አይቻልም።

ነገሩ በጉልህ የሚታየው በኮንሶና በጊዶሌ አካባቢ በሚኖሩት በደራሼዎች ዘንድ ነው። የኮንሶ ሰው ጨቃ ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ከብቅል ጋር የሚጠመቅ ወፍራም መጠጥ ነው። ደራሼዎች ፓርሾታ ለሚሉት መጠጥ ደግሞ ዱቄቱን ከጎመን ወይም ከሺፈራው ቅጠል ጋር አቡክተው፥ ኋላ ብቅል ይጨምሩበታል። አተላው ሳይጣራ ከፈሳሹ ጋር ይጠጣልና በአንድ ቅል ውስጥ ውኃውም እህሉም አለ። አዋቂው ቀኑን ሙሉ ደጋግሞ ይጠጣዋል፤ የሚታኘክ ምግብ የሚበላው ግን ጥቂት ነው። የማሽላ ፕሮቲን ሲቀቀል ለሆድ አስቸጋሪ ይሆናል፤ መቡካቱ ይህን በመጠኑ ያቀልለታል።

እንግዲህ ይህን ሕዝብ በእንጀራና በቂጣ ብቻ የሚለካ ሰው በረኀብ ላይ ያለ፥ ደግሞም ሰካራም አድርጎ ይጽፈዋል። «መጠጡን ተው» ብሎ የሚመክርም ሳያውቅ ምሳውን ይከለክለዋል። አልኮሉ ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ምክሩ በቅሉ ፋንታ ምን እንደሚበላ አብሮ መናገር አለበት። ቅሉን ለስላሳ መጠጥ ቢተካው ልውውጡ እኩል አይደለም፤ በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ያለው 30 ግራም ያህል ስኳርና ውኃ ነው፤ ሆድን ስለማያጠግብም ሰውየው የምግቡን መጠን ሳይቀንስ በላዩ ይጨምረዋል።