የሩማንያ ሠራዊት በፕሌቭና ጦርነት

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። አነስተኛ አገር ከታላቅ መንግሥት ጋር ተባብራ ስትዋጋ ግን ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው ኅብረቱ ጠላትን ለማሸነፍ ይበቃል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ አንበሳው ከታሰረ በኋላ ትንሺቱ አገር ድርሻዋን ታገኛለች ወይ የሚል ነው። የሩማንያ ሠራዊት በ1877 ከሩሲያ ጦር ጎን ተሰልፎ በፕሌቭና ያደረገው ውጊያ ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል። በዚህ ምንባብ ውስጥ የሚገኙት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሩማንያ በደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ የምትገኝ አገር ናት። በዚያን ዘመን የራሷ መስፍን፣ የራሷ ምክር ቤትና የራሷ ሠራዊት ቢኖራትም ለቱርክ ሱልጣን በየዓመቱ ግብር ትከፍል ነበር፤ ስለዚህም እንደ ነጻ መንግሥት አትቆጠርም ነበር። ከ1866 ጀምሮ አገሪቱን ይገዛ የነበረው መስፍን ካሮል በትውልዱ ጀርመናዊ ሲሆን፣ ቀደም ሲል በፕሩሲያ ጦር ውስጥ በመኮንንነት ያገለገለ ሰው ነበር።

ሩሲያ በቱርክ ላይ ለመዝመት በተነሣች ጊዜ ጦሯ ወደ ቡልጋሪያ ለመድረስ የሩማንያን ምድር አቋርጦ የዳኑብን ወንዝ መሻገር ነበረበት። ስለዚህ ሁለቱ መንግሥታት ኤፕሪል 16 ቀን 1877 ውል ተዋዋሉ። ሩማንያ ለሩሲያ ጦር መንገድ ፈቀደች፤ ሩሲያ ደግሞ የሩማንያን ግዛት ሳይነካ ልትጠብቅና ልታስከብር ቃል ገባች። ከዚያ በኋላ ሜይ 21 ቀን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሚኻይል ኮጋልኒቻኑ በምክር ቤት ፊት የአገሩን ነጻነት አወጀ። ለሱልጣኑ ይከፈል የነበረው ግብርም ቀርቶ ገንዘቡ ለሠራዊቱ እንዲውል ተወሰነ። ይሁን እንጂ ነጻነት በአዋጅ ብቻ አይጸናም፤ ሌሎች መንግሥታት አውቀው ሊቀበሉት ይገባል። ሩማንያውያን ይህን በመገንዘብ በጦርነቱ ለመካፈል ቢጠይቁም፣ ሩሲያ በራሷ ኃይል በመተማመን እርዳታቸውን አልፈለገችም ነበር።

የሩሲያ ጦር በጁን ወር መጨረሻ ዳኑብን ተሻግሮ ወደ ደቡብ መግፋት ጀመረ። በዚህ ጊዜ ኦስማን ፓሻ የተባለው የቱርክ የጦር አዛዥ ከቪዲን ተነሥቶ በፍጥነት በመገስገስ ጁላይ 19 ቀን ፕሌቭና ገባ። ፕሌቭና በኮረብቶች የተከበበችና የብዙ መንገዶች መገናኛ የሆነች ከተማ ናት። የኦስማን ፓሻ ወታደሮች ጊዜ ሳያባክኑ በኮረብቶቹ ላይ የአፈር ምሽግ ሠሩ፤ ጉድጓድም ቆፈሩ። የያዙት ጠመንጃ ፈጥኖ የሚተኩስና ሩቅ የሚመታ ስለ ነበር፣ በሜዳ ላይ ተሰልፎ የሚመጣው ጠላት ገና ወደ ምሽጉ ሳይደርስ ይረግፍ ነበር። ሩሲያውያን ጁላይ 20 ቀንና ጁላይ 30 ቀን አደጋ ጥለው ሁለቱንም ጊዜ ተመለሱ። በሁለተኛው ውጊያ ብቻ 7,000 ያህል ሰው ሞቶባቸዋል ወይም ቆስሎባቸዋል።

ይህ ሽንፈት የሩሲያን አሳብ ለወጠው። የሩሲያ ጦር ጠቅላይ አዛዥ ታላቁ መስፍን ኒኮላይ ለካሮል ቴሌግራም ልኮ ሩማንያውያን ዳኑብን ተሻግረው ፈጥነው እንዲደርሱለት ለመነ። ካሮል ግን ሠራዊቱ በባዕድ ጦር ውስጥ ተበታትኖ እንዲዋጋ አልፈቀደም። በመጨረሻም በፕሌቭና ግንባር የተሰለፈው የሩማንያና የሩሲያ ጦር በሙሉ በእርሱ አዛዥነት ሥር እንዲሆን ተስማሙ፤ የሩሲያው ጄኔራል ዞቶቭም የኤታማጆር ሹሙ ሆነ። ከ30,000 በላይ የሩማንያ ወታደሮች ከ100 በላይ መድፎች ይዘው ወደ ግንባር ደረሱ። ከእነርሱም መካከል ብዙዎቹ ዶሮባንጽ የሚባሉ፣ ከእርሻቸው የተጠሩ ገበሬዎች ነበሩ። በቆባቸው ላይ ላባ ይሰኩ ስለ ነበር ሕዝቡ በቀልድ «ቱርክ ዶሮዎች» ይላቸው ነበር።

ሦስተኛው ውጊያ ለብዙ ቀናት መድፍ ሲደበደብ ከቆየ በኋላ ሴፕቴምበር 11 ቀን ተጀመረ። ዕለቱ ጭጋግና ዝናብ የነበረበት ሲሆን፣ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት አሌክሳንደር 2ኛ ከሩቅ ሆኖ ይመለከት ነበር። ለሩማንያውያን የደረሳቸው ግዳጅ በግሪቪትሳ መንደር አጠገብ የሚገኘውን ምሽግ መያዝ ነበር። መሰላልና የጭራሮ እስር ተሸክመው ወደ ኮረብታው ሲወጡ ግን ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። አንድ ነው ብለው ያሰቡት ምሽግ ሁለት ሆኖ ተገኘ፤ በመካከሉም ከሩቅ የማይታይ ጥልቅ ሸለቆ ነበር። ወደ ሁለተኛው ምሽግ የተላኩት ወታደሮች ከሸለቆው ሳይወጡ በጥይት ተቆሉ። ሻለቃ ጆርጅ ሾንጹና ሻምበል ቫልተር ማራቺኒያኑ በዚያች ዕለት ወታደሮቻቸውን እየመሩ ወደቁ። የሆነ ሆኖ ከተደጋጋሚ ሙከራ በኋላ ሩማንያውያን ከሩሲያ ወታደሮች ጋር በመሆን ማምሻውን የመጀመሪያውን የግሪቪትሳ ምሽግ ያዙ፤ የቱርክንም ሰንደቅ ዓላማ ማረኩ።

በማግሥቱ ውጊያው ሲያበቃ ሁለቱ ተባባሪዎች ከ15,000 በላይ ሰው ሞቶባቸውና ቆስሎባቸው ነበር፤ ከእነዚህም ከ2,500 በላይ የሚሆኑት ሩማንያውያን ነበሩ። በደቡብ በኩል የሩሲያው ጄኔራል ስኮቤሌቭ የያዛቸው ምሽጎች ተመልሰው በቱርኮች እጅ ስለ ገቡ፣ ከዚያ ሁሉ ደም በኋላ ጸንቶ የቀረው ድል ግሪቪትሳ ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ የጦር አለቆቹ ደረትን ለጥይት ከመስጠት ይልቅ ከተማዪቱን ከብቦ ማስራብ እንደሚሻል ተረዱ። ለዚህም ሥራ ቀደም ሲል የሴቫስቶፖልን ምሽጎች የሠራው ጄኔራል ቶትሌበን ተጠራ። ሩሲያውያን በኦክቶበር ወር ስንቅ የሚመጣበትን መንገድ ዘጉ፤ ሩማንያውያንም በኖቬምበር በዳኑብ ዳር ያለችውን የራሆቫን ከተማ ያዙ። ስንቁ ያለቀበት ኦስማን ፓሻ ዲሴምበር 10 ቀን የቪትን ወንዝ ተሻግሮ ከበባውን ሰብሮ ለመውጣት ሞከረ፤ ግን እግሩን ቆሰለ፤ ጦሩም ተመለሰ። እጁን ለመስጠት በፈለገ ጊዜ በመጀመሪያ የደረሰለት ሩማንያዊው ኮሎኔል ሚኻይል ቼርኬዝ ነበር። ስለ ጀግንነቱም ጎራዴው ተመለሰለት። ከ40,000 በላይ ወታደሮቹ ግን ተማረኩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በበረዶ ውስጥ ሲነዱ በብርድና በረኃብ አለቁ።

ይህ ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ነው፤ ኅብረቱ ለማሸነፍ በቅቷል። ሁለተኛው ጥያቄ መልስ ያገኘው ግን በጠረጴዛ ዙሪያ ነው። በማርች 1878 ሩሲያና ቱርክ በሳን ስቴፋኖ የሰላም ውል ሲፈራረሙ ሩማንያ በድርድሩ እንድትካፈል አልተደረገም። በጁላይ ወር የተፈረመው የበርሊን ውል የሩማንያን ነጻነት ቢያውቅም፣ ደቡባዊ ቤሳራቢያ ከእርሷ ተወስዶ ለሩሲያ እንዲሰጥ ወሰነ። በምትኩም ሰሜናዊ ዶብሩጃ ተሰጣት። ግዛትሽን አስከብራለሁ ብላ የፈረመችው ሩሲያ ራሷ ከግዛቷ ቆርጣ ወሰደች ማለት ነው።

እንግዲህ ኅብረት በችግር ጊዜ ኃይል ይሰጣል፤ ችግሩ ካለፈ በኋላ ግን ኃያሉ ተባባሪ የገባውን ቃል ሊዘነጋ ይችላል። ይህም ቢሆን በግሪቪትሳ የፈሰሰው ደም በከንቱ አልቀረም። ሩማንያ በጦር ሜዳ ባትገኝ ኖሮ ነጻነቷን በበርሊን ለማስታወቅ የምታቀርበው ማስረጃ ባልኖራት ነበር። በ1881 አገሪቱ በንጉሥ የምትመራ መንግሥት ስትሆን ካሮል የተቀበለው ዘውድ በወርቅ የተሠራ አልነበረም፤ በፕሌቭና ከተማረከ መድፍ ብረት የተቀጠቀጠ ነበር።