የነጋዴ ጭንቀትና ከሩቅ የሚያዳምጠው አማካሪ

ንግድ በእምነት የቆመ ሥራ መሆኑን ሱቅ ከፍቶ ያደረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጅምላ ሻጩ ለቸርቻሪው ሸቀጡን በዱቤ የሚለቅለት፣ የእህል ነጋዴውም ነጭ ጤፉን ወደ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ልኮ ገንዘቡን በቀጠሮ የሚጠብቀው፣ «እገሌ ቃሉን ያከብራል፣ ልቡም የረጋ ነው» ተብሎ ስለሚታመን ነው። ስለዚህ የነጋዴ ጭንቀት እንደ ሌላው ሰው ጭንቀት በቤቱ ብቻ ተወስኖ አይቀርም። ሌሊት እንቅልፍ ማጣቱ ወይም የዱቤ መዝገቡን ለመክፈት መፍራቱ በከተማው የተሰማ እንደ ሆነ፣ ወሬው ወዲያው ኪሳራ ተብሎ ይተረጐማል፤ አበዳሪውም ሳይውል ሳያድር ገንዘቡን ለመጠየቅ ይመጣል። ከዚህም የተነሣ ብዙው ነጋዴ ችግሩን ዋጥ አድርጎ ከመዝገቡ ጋር ይቈልፍበታል።

ይህ ነገር እንደ ቢቸናና እንደ ሞጣ ባሉት ከተሞች ይበልጥ ይከብዳል። ከደጀን ተነሥቶ በእነዚህ ከተሞች በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው መንገድ ዳር ሱቅ ለከፈተ ሰው፣ ደንበኛውም፣ አበዳሪውም፣ የእድሩ ዳኛም ብዙ ጊዜ የአንድ ሰፈር ሰዎች ናቸው። ማን ከማን ቤት እንደ ገባ ቡናው በረካ ሳይደርስ ይታወቃል። ባለፉት ዓመታት ደግሞ የሚያስጨንቀው ነገር በርክቷል። በሞጣ በታኅሣሥ ወር 2012 ዓ.ም. መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ተቃጥለዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቍጥር የተከፈለበት ሸቀጥ በመንገድ የቀረበት ነጋዴ ጥቂት አይደለም።

የጭንቅ ጊዜ መካሪ በአገሩ ጠፍቶ አያውቅም። የነፍስ አባት አለ፤ ለሙስሊሙም ሸኽ አለ፤ ባልና ሚስትን፣ ወንድምና ወንድምን የሚያስታርቅ ሽማግሌም አለ። እነዚህን መናቅ ስንፍና ይሆናል፤ የርስትንና የጋብቻን ጠብ ከእነርሱ አብልጦ የሚያውቅ አይገኝም። ሆኖም ሽማግሌ የተቀመጠው ሊፈርድና ሊያስታርቅ ነው፤ ከራሱ ጋር የተጣላውን ሰው የሚያስቀምጥበት ሸንጎ የለውም። ከዚያም በላይ ያው ሽማግሌ የነጋዴው ባለ ገንዘብ ሊሆን ይችላል።

ሐኪም ቤት መሄድስ? የአማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ከተቋቋመ ወዲህ ለብዙ ዓመታት የአገሩን ሕመምተኛ ሁሉ ሲቀበል ኖሯል። ነገር ግን የሚገኘው ከመርካቶ ብዙ ሳይርቅ ነው፤ ከጎጃም ሸቀጥ ሊያመጣ የወረደ ነጋዴም በዚያ በር ሲገባ የአገሩ ሰው እንዳያየው ይፈራል። ስሙ ራሱ በከተማው አፍ ስድብ እስከ መሆን ደርሷል። የሚያሳዝን ነው፤ ግን እውነት ነው። ዕዳና የቤት ጭቅጭቅ ያስጨነቀው ሰው ሁሉ ደግሞ ሆስፒታል መተኛት አያስፈልገውም።

በስልክና በኢንተርኔት የሚሠራው የሥነ ልቡና አማካሪ ለእንዲህ ያለው ሰው መንገድ ከፍቶለታል። ከሩቅ ሆኖ ማጽናናት አዲስ ነገር አይደለም። ሳማሪታንስ የተባለው የበጎ አድራጎት ማኅበር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 በለንደን ሲቋቋም መሣሪያው ተራ ስልክ ነበር። የኮሮና ወረርሽኝ በ2020 ሰውን ሁሉ ቤቱ ባስቀመጠ ጊዜም አማካሪዎች በብዛት ወደ ቪዲዮ ተዛወሩ፤ በጭንቀትና በድባቴ ላይ የተደረጉ ብዙ ጥናቶችም ከሩቅ የሚሰጠው ምክር ፊት ለፊት ከሚሰጠው ብዙ እንደማያንስ አሳይተዋል።

ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ለመረዳት አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ይታሰብ። ከወንድሙ ጋር በሽርክና ይነግዳል፤ ሽርክናው ሻክሯል፤ ለጅምላ ሻጩ የሚከፍለው ቀን አልፏል፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ዐይኑን አይከድንም። አማካሪው በመጀመሪያው ቀጠሮ መፍትሔ አይነግረውም። ችግሮቹን አንድ በአንድ ያስቈጥረዋል፤ በእጁ ያለውንና ከእጁ የወጣውንም ያስለየዋል። የመንገዱ መዘጋት በእጁ አይደለም፤ ለጅምላ ሻጩ አለመደወሉ ግን በእጁ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ያወጣው የምክር መመሪያ በዚሁ መንገድ የሚሄድ ሲሆን፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው አምስት ቀጠሮ፣ እያንዳንዱም አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንዲሆን ወስኗል።

የዚህ ሥራ ዋናው ቍም ነገር መሸሽን የሚመለከተው ነው። ነጋዴው የዱቤ መዝገቡን ባልከፈተ ቍጥር ለዚያች ቀን ይቀለዋል፤ ነገር ግን ሰውነቱ «ከመዝገቡ ስለ ሸሸሁ ዳንሁ» የሚል ትምህርት ስለሚማር፣ በማግስቱ ፍርሃቱ ጨምሮ ይመጣል። ዕዳው ሳይጨምር ጭንቀቱ ብቻ ወለድ ያፈራል ማለት ነው። ስለዚህ አማካሪው የቤት ሥራ ይሰጠዋል፤ ይኸውም በዚህ ሳምንት በየማታው ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ መዝገቡን ከፍቶ እንዲያይ ነው፤ እንዲከፍል አይደለም። በሚቀጥለው ሳምንት ለጅምላ ሻጩ ራሱ ቀድሞ ደውሎ ሊፈጽመው የሚችለውን ቀን ይነግረዋል። የሚናገረውን ቃል ከአማካሪው ጋር አስቀድሞ ይለማመደዋል። ከወንድሙ ጋር ያለው ነገር ግን በመጨረሻ ወደ ሽማግሌ ሊመለስ ይችላል፤ ብልህ አማካሪም ይህን አይቃወምም።

ነገሩ ጥንቈላ ወይም የተማረ ሰው ምስጢር አይደለም። በሐራሬ ከተማ የዚምባብዌው ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ ከ2006 ጀምሮ አሮጊቶችን ይህንኑ ችግርን የመፍታት ዘዴ አስተምሮ በአግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጧቸዋል፤ በ2016 የታተመው ጥናትም ሰዎች እንደ ተጠቀሙ መስክሯል።

ልምድ ያለውን አማካሪ ከጀማሪው የሚለየው ብዙ ማውራቱ አይደለም። የጎጃም ሰው ችግሩን በቀጥታ አይናገርም፤ «ምንም አይል፣ ደህና ነው» ብሎ ከጀመረ በኋላ «ሆዴን ባሰኝ» የምትለዋን ቃል በመካከል ጣል አድርጎ ያልፋታል። የበሰለው አማካሪ ያቺን ቃል አንሥቶ ይጠይቃል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶበት እንደ ሆነም ሳያፍር ይጠይቃል፤ አዎን ከተባለ በኢንተርኔት ብቻ አያቈየውም፤ አብሮት የሚሆን ሰውና ቅርብ ሐኪም ያስፈልጋል። ከሁሉ አስቀድሞ ነጋዴው የሙያ ፈቃዱን፣ የተማረበትንና የሠራበትን ዘመን፣ የሚያስከፍለውንም ገንዘብ ሊጠይቀው ይገባል። ሸቀጥ ሳያይ የማይገዛ ሰው እዚህ ላይ የሚያፍርበት ምክንያት የለም።

ችግር የለበትም ማለት አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ በመካከል የተተወ ምክር ቍስልን ከፍቶ እንደ መተው ነው። ስለዚህ መስመሩ ቢጠፋ በተራ ስልክ፣ እርሱም ቢጠፋ በስንተኛው ቀን እንደሚገናኙ በመጀመሪያው ቀን መስማማት ያስፈልጋል።

ሌላው ችግር ቦታ ነው። ከሱቁ ጓዳ የሚነገረው ሁሉ ለሱቅ ሠራተኛው ይሰማል፤ በመኖሪያ ቤትም ልጆች አሉ። በመጋዘን ውስጥ በጤፍ ጆንያ መካከል ወይም በቆመ መኪና ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ መነጋገር ይሻላል። ሰዓቱም ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ቢሆን መልካም ነው፤ የገበያ ዕለት ማታ ግን አይመረጥም፤ በዚያች ማታ ነጋዴ የቀኑን ሽያጭ ሳይቈጥር ሌላ ነገር ማሰብ አይችልምና።