አዲስ መድኃኒት እንዴት ይገኛል?
(በሬድዮ ከቀረበ የጤና ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)



የተከበራችሁ የዝግጅታችን ተከታታዮች! ለዛሬ «አዲስ መድኃኒት እንዴት ይገኛል?» የሚል ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። ጥያቄው የምሁራን ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በመንዝ፣ በጊሼ ወይም በመርሐ ቤቴ ደጋ አንድ አባወራ ዓይኑ ቢጫ ሲሆንበት «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ቅጠል ሲጨመቅለት፣ ወይም ሐኪም ያዘዘለትን እንክብል «ተሽሎኛል» ብሎ በራሱ ሲያቆም፣ ጥያቄው የቤታችን ጥያቄ ይሆናል። መድኃኒት እንዴት እንደሚሠራ የተረዳ ሰው መቼ መመርመር እንዳለበት፣ እስከ መቼም መዋጥ እንዳለበት ይገባዋልና።

ዲናችን ከመታከም እንዳንሰንፍ ማስተማሩ፣ አላህ (ሱ.ወ.) ለበሽታ ፈውስን ማድረጉም የታወቀ ነው። ፈውሱን ፈልጎ ማግኘት ግን የሰው ድርሻ ነው፤ ብዙ ድካምና ብዙ ዓመታትም ይጠይቃል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን እናስታውሳለን።

ከቅጠል እስከ መድኃኒት

የደጋው ሰው መድኃኒት ፍለጋን ከሌላ አልተማረም። አያቶቻችን ለኮሶ ትል የኮሶን አበባ ወቅጠው፣ በውኃ በጥብጠው ይጠጡ ነበር። ትሉን ያስወጣም ነበር። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። የአንዱ ዛፍ አበባ ከሌላው ይበረታል፤ የቆየው ከአዲሱ ይደክማል። ሲያንስ ትሉ አይወጣም፤ ሲበዛ ጠጪውን ይጎዳል።

እንዶድንም እናንሳ። ሐበሻ ልብስ ሲያጥብበት የኖረ ተክል ነው። በ1964 ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ አካባቢ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚህ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያዛምቱ ናቸው። ብዙ ሰው አይቶ ያለፈውን እርሳቸው ጠየቁበት። የገደላቸው ንጥረ ነገር የትኛው ነው? ስንት መጠን ይበቃል? ለሰውና ለከብትስ? በዚህ ሥራ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉት በ1989 ነበር። ከመጀመሪያው ጥያቄ 25 ዓመታት አልፈው ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ተክል የመድኃኒት መነሻ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት የሚባለው ግን የሚሠራው ንጥረ ነገር ተለይቶ፣ መጠኑ ታውቆ፣ ጉዳቱ ተመዝኖ ሲቀርብ ነው። ዛሬ አንድ አዲስ ውሑድ ሐኪም ዘንድ ከመድረሱ በፊት በላቦራቶሪና በእንስሳት ይፈተናል። ከዚያም በጥቂት ሰዎች፣ ቀጥሎ በመቶዎች፣ በመጨረሻም በሺህ በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ይሞከራል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጃል። ከተጀመሩት ውሑዶች እጅግ የሚበዙት በመንገድ ይወድቃሉ።

ቫይረስ ለምን አስቸጋሪ ሆነ?

ባክቴርያ የራሱ ጓዳና ማጀት ያለው ሕያው ነገር ነው። ስለዚህ የእኛን ሳይነኩ የእርሱን ቤት ማፍረስ ይቻላል፤ አንቲባዮቲክ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ቫይረስ ግን የራሱ ቤት የለውም። በሰው ሕዋስ ውስጥ ገብቶ በሕዋሱ መሣሪያ ራሱን ያባዛል። እርሱን ለመምታት የተወረወረው ሁሉ የእኛን ሕዋስ ሊመታ ይችላል። አንቲባዮቲክ ለጉንፋንም ሆነ ለቫይረስ ጉበት በሽታ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ታዲያ ተመራማሪዎች ምን አደረጉ? ቫይረሱ ራሱን የሚቀዳበትን እርምጃ አጠኑ። ነገሩን በመቁጠሪያ እንመስለው። አንድ ሰው ዶቃ በክር እየሰካ ተስቢሕ ይሠራል እንበል። አንዱ ዶቃ ከውጭ ሲታይ እንደ ሌሎቹ ሆኖ ክሩ የሚወጣበት ቀዳዳ ባይኖረውስ? ክሩ እዚያው ይቆማል፤ ተስቢሑም ሳይሞላ ይቀራል። ቫይረሱም ራሱን የሚቀዳው ጥቃቅን ንጥረ ነገሮችን አንድ በአንድ እየሰካካ ነው። ኬሚስቶች እነዚህን የሚመስል፣ ነገር ግን ቀጣዩን የማያስይዝ ውሑድ ሠሩ። ቫይረሱ ተታልሎ ሲሰካው ቅጂው ይቋረጣል።

ከእነዚህ ውሑዶች አንዱ ቴኖፎቪር ይባላል። መነሻው በፕራግ ከተማ የቼክ ኬሚስት የነበሩት አንቶኒን ሆሊ እና በቤልጅግ የሉቨን ከተማ ሐኪም ኤሪክ ደ ክለርክ በጋራ የሠሩት ሥራ ነው። አንደኛው ውሑድ ይሠራሉ፤ ሌላኛው በቫይረስ ላይ ይሞክራሉ። ቴኖፎቪር የሚገኝበት የውሑዶች ቤተሰብ በ1986 ይፋ ሆነ። ሌላ እንቅፋት ግን ነበረ። ውሑዱ ሲዋጥ ከአንጀት ወደ ደም በደንብ አይገባም። ስለዚህ እንደ መጎናጸፊያ ያለ ተጨማሪ ቅጥያ ተሠራለት፤ አንጀትን አልፎ ሰውነት ውስጥ ሲደርስ ቅጥያው ይወልቃል። እንዲህ ተደርጎ በ2001 ለኤች አይ ቪ፣ በ2008 ደግሞ ለሄፓታይተስ ቢ የጉበት በሽታ በአሜሪካ ተፈቀደ።

እንክብሉ ወደ እኛ ሲደርስ

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው። ዛሬ ብዙዎች በቀን አንድ ጊዜ በሚውጡት እንክብል ውስጥ ካሉት ሦስት መድኃኒቶች አንዱ ይኸው ቴኖፎቪር ነው። በ2015 ደግሞ በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከኖርዌይ ሐኪሞች ጋር በመተባበር ሄፓታይተስ ቢ ያለባቸውን የሚከታተል መርሐ ግብር ጀመረ። ከ1,000 በላይ ሰዎች ተመዘገቡ፤ ለሚያስፈልጋቸውም ቴኖፎቪር ተሰጠ። በአገራችን አቅም ሕክምናው እንደሚቻል ታየበት። አንድ መራራ ነገርም ታየበት። ጉበታቸው ክፉኛ ከተጎዳ በኋላ፣ ሆዳቸው ውኃ ቋጥሮ የመጡትን ማዳን ከባድ ሆነ። መድኃኒቱ ነበር፤ ሕመምተኛው ግን ዘገየ።

የጉዳዩን ስፋት እንመልከት። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት በ2022 በዓለም ላይ 254 ሚሊዮን ሰዎች ሄፓታይተስ ቢ ነበረባቸው። በዚያው ዓመት ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ተደምረው 1.3 ሚሊዮን ሰዎችን ገድለዋል። በሽታው ለዓመታት ሳያም ሳይታወቅ ይቆያል። በወሊድ ጊዜ ከእናቱ የተያዘ ሕፃን ከ10 ዘጠኝ ጊዜ ያህል በሽታው ጸንቶ ይቀርበታል። ጎልማሳ ሆኖ የተያዘ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያስወግደዋል። እዚህ ላይ ልብ እንበል! ዓይኑ ቢጫ የሆነ ጎልማሳ ቅጠል ጠጥቶ ሲድን ቅጠሉ ያዳነው ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን የዳነው አላህ በሰጠው የሰውነቱ መከላከያ ነው። ጉበቱ አስቀድሞ የተጎዳ ሰው ያንኑ ቅጠል ቢጠጣ ሊብስበት ይችላል።

«ታዲያ ለምን እስከ ዕድሜ ልክ እውጣለሁ?» የሚል ይኖራል። ቴኖፎቪር ቫይረሱ እንዳይባዛ ያግዳል እንጂ ቫይረሱ በጉበት ሕዋስ እምብርት ያስቀመጠውን ዋና ቅጂ አያጠፋም። እንክብሉ በሰውየው ፈቃድ ሲቋረጥ ቫይረሱ ዳግም ይነሣል፤ ጉበትን በድንገት ሊያቃጥል፣ ለሞትም ሊያበቃ ይችላል። ሄፓታይተስ ሲ ግን እንዲህ ዓይነት ስውር ቅጂ አይተውም። በ2013 የተፈቀደው ሶፎስቡቪር ከሌላ መድኃኒት ጋር ሆኖ አብዛኞቹን በ8 ወይም በ12 ሳምንት ፈጽሞ ያድናል። የቢን ዋና ቅጂ የሚያጠፋ መድኃኒት ፍለጋ ዛሬም ቀጥሏል።

በዘር ስለሚተላለፉ ሕመሞች

መንገድን አውቆ መዝጋት ለቫይረስ ብቻ አይደለም። አንዳንድ ሕፃናት የበሉትን ምግብ ሰውነታቸው አብላልቶ እንዳይጠቀምበት የሚያደርግ ጉድለት ከወላጆቻቸው ወርሰው ይወለዳሉ። ይህን በመስኖ እንመስለው። ውኃ ከላይ ወርዶ በቦይ ወደ ማሳ ይሄዳል። ቦዩ ከታች ቢደፈን ውኃው ሞልቶ ፈስሶ አዝመራውን ያበላሻል። ታይሮሲኔሚያ በተባለው ሕመም የሚሆነው ይኸው ነው። የመጨረሻው ኢንዛይም ስለሌለ መርዛማ ዝቃጭ ተጠራቅሞ የሕፃኑን ጉበት ያጠፋል። ሕመሙ በጣም ጥቂት ሕፃናትን የሚያገኝ ነው፤ ከ100 ሺህ ውልደት አንድ ያህል።

መድኃኒቱ የተገኘው ባልታሰበ መንገድ ነው። በ1977 በካሊፎርኒያ አንድ የኬሚካል ኩባንያ ተመራማሪ በአንድ ዛፍ ሥር አረም እንደማይበቅል አስተዋለ። ዛፉ ቀይ አበባው የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የሚመስለው፣ በከተሞቻችንም ለጌጥ የሚተከለው ነው። ከዚያ በመነሣት የአረም ማጥፊያ ውሑዶች ተሠሩ። አንደኛው በእንስሳት ሲፈተን ከላይ የጠቀስነውን ቦይ ከፍ ብሎ እንደሚዘጋ ታወቀ። በስዊድን የጎተንበርግ ሐኪሞች «መርዙ ሳይፈጠር ከላይ ብንዘጋውስ?» ብለው በ1991 ለአንድ ሕፃን ሰጡት። ዛሬ ኒቲሲኖን ይባላል። ከተለየ ምግብ ጋር ቀድሞ ከተጀመረ ሊሞቱ የነበሩ ልጆች ያድጉበታል።

እንዲህ ያሉ ሕመሞች ብዙ ዓይነት ናቸው፤ ለአብዛኞቹም መድኃኒት ገና አልተገኘም። አዲስ የተወለደን ሕፃን ሁሉ ለእነርሱ መመርመርም በአገራችን በሁሉም ዘንድ አልተዳረሰም። እኛ የምንችለው ግን አለ። ጡት አልጠባም የሚል፣ ደጋግሞ የሚያስመልስ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚዝለፈለፍ፣ ሽንቱ ያልተለመደ ጠረን ያለው ሕፃን «ቡዳ በልቶት ነው» ተብሎ ቤት አይቀመጥ። በተለይ ከእርሱ በፊት ወንድም ወይም እኅት በተመሳሳይ ሁኔታ ከሞቱ ለሐኪሙ ይነገር። የአጎትና የአክስት ልጆች መጋባት በሸሪዓ የተፈቀደ ነው፤ ሆኖም እንዲህ ያለ ሕመም በቤተሰቡ ከታየ ከኒካሕ በፊት ሐኪም ማማከር ብልህነት ነው።

ከቤታችን የሚጠበቅ

ውድ ወገኖች! ሊቃውንቱ ለብዙ ዓመታት የደከሙበት እንክብል ከእኛ የሚጠብቀው ጥቂት ነገር ነው።

አንደኛ፣ እንመርመር። ሄፓታይተስ ቢ በጥቂት የደም ጠብታ ይታወቃል። በመሐል ሜዳ፣ በዓለም ከተማና በደብረ ብርሃን ሆስፒታሎች አሉ፤ ቀርባችሁ ጠይቁ። የተገኘበት ሁሉ ወዲያው መድኃኒት አይጀምርም፤ ክትትል ግን ለሁሉም ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡር እኅቶቻችን በክትትላቸው ጊዜ ይመርመሩ፤ ለልጁ መከላከያ አለና።

ሁለተኛ፣ ክትባት። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከ2007 ጀምሮ በአገራችን በሕፃናት ክትባት ውስጥ ይሰጣል። በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ሳይታጎል ይሰጥ። የዓለም ጤና ድርጅት በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥም እንዲሰጥ ይመክራልና ስትወልዱ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ምላጭ። ቫይረሱ በደም ይተላለፋል። ዋግምት ለሚያደርጉ፣ ለሚገርዙ፣ እንጥል ለሚቆርጡ አንድን ምላጭ ለሁለት ሰው ማዋል በሽታን ማከፋፈል ነው። ችግሩ ሒጃማው ሳይሆን ምላጩ ነው። በአንድ ትሪ መብላት፣ መጨባበጥ፣ በአንድ ሶፍ መስገድ ግን አያስተላልፍም። ስለዚህ የታመመ ወንድማችንን አናግልል።

አራተኛ፣ እንክብሉን ያለ ሐኪም ፈቃድ አናቋርጥ። ጥቁር አዝሙድም ሆነ ሩቅያ እንክብሉን ለመተው ምክንያት አይሆንም። በረመዳን በቀን አንዴ የሚዋጠውን በኢፍጣር ወይም በሱሑር ሰዓት ማድረግ ይቻላል። ጉበቱ የተጎዳ ሰው ግን ስለ ጾሙ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። መድኃኒቱ አንዳንዱን ሰው ኩላሊቱን ሊነካ ስለሚችል ቀጠሮን ማክበር ያሻል።

ፈውስ ከአላህ ነው። የፈውሱ ሰበብ ግን ከደጃችን ደርሷል። ሰበቡን ይዘን በእርሱ እንመካ።

ለታመሙት ሺፋእ፣ ለጤነኞቻችን ዓፊያ ይለግሰን፤ አሚን።