የታደሰ መኪና፣ የተጠበቀ ወረቀት

በአሜሪካ አገር የጥንት መኪና ሰብሳቢዎች በሚገበያዩበት ስፍራ፣ ታድሶ ለሽያጭ የቀረበ የ1964 ፖንቲያክ ጂቲኦ ዓይንን ሳይማርክ አይቀርም። ቀለሙ እንደ መስተዋት ፊት ያሳያል፤ ቸርኬው ያብለጨልጫል፤ ሞተሩ ሲነሣ ጉርምርምታው ከሩቅ ይሰማል። ነገሩን የሚያውቅ ገዢ ግን ኮፈኑ እንዲከፈትለት ከመጠየቁ አስቀድሞ ወረቀቱን ማየት ይፈልጋል። ብረት ለመግዛት የመጣ ሰው ስለ ምን ወረቀት ያስቀድማል? ምክንያቱን ለመረዳት ወደ መኪናው አወላለድ መመለስ ያሻል። ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በዚያን ጊዜ የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ፣ መካከለኛ መጠን ባላቸው መኪናዎቹ ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የበለጠ ሞተር እንዳይገጠም የውስጥ ደንብ ነበረው። በሥሩ የሚገኘው የፖንቲያክ ክፍል ግን ለትልልቆቹ መኪናዎች የተሠራውን 389 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 6.4 ሊትር የሆነውን ሞተር ቀለል ባለው የቴምፐስት መኪና ላይ ገጠመው። ደንቡን ለማለፍም ራሱን የቻለ ሞዴል ሳያደርግ፣ ገዢው ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ የሚያስገጥመው አድርጎ አቀረበው። አንድ ካርቡራተር ያለው 325፣ ሦስት ያለው ደግሞ 348 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በመጀመሪያው ዓመት 32,450 ያህል ተሸጠ። ሌሎች ፋብሪካዎችም ተከተሉት፤ የዚህ ዓይነቶቹ መኪናዎችም «ባለ ጡንቻ» የሚል ስም ወጣላቸው።

ዘመናቸው ግን አጭር ነበር። በ1970 የወጣው የአየር ንጽሕና ሕግ፣ የኢንሹራንስ ክፍያ መናርና የ1973 የነዳጅ ማዕቀብ ተደራርበው ጉልበታቸውን ሰበሩት። ብዙዎቹ ተጋጭተው፣ ዝገት በልቷቸው፣ ተቆራርጠው ቀሩ። የፖንቲያክ ስም ራሱ በ2010 ከገበያ ወጣ። የተረፉት ሲያንሱ ፈላጊያቸው በዛ፤ ማደስም ትልቅ ሙያ ሆነ።

አዳሹ ቦዲውን ከሻንሲው አንሥቶ፣ የዛገውን ላሜራ ቆርጦ በአዲስ ይበይዳል፤ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ብሎን ፈትቶ ይገጥማል። ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሆኖም ችግሩ የሚመነጨው ከዚሁ ሙያ ነው፤ አሮጌውን አዲስ ለማስመሰል የሚችል እጅ፣ አንዱን ሌላ ለማስመሰልም ይችላልና። በ1964 እና በ1965 ጂቲኦ ራሱን የቻለ ሞዴል ስላልነበረ የሻንሲ ቁጥሩ ከተራው መኪና አይለይም። ቁጥሩ 242 ብሎ መጀመር የያዘው ከ1966 ወዲህ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ተራውን የሁለቱን ዓመታት መኪና ወስዶ ሞተሩንና ምልክቱን ቢለውጥለት፣ በዓይን ብቻ መለየት እጅግ ያስቸግራል። የሚለየው መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ምን እንደ ተገጠመለት የሚናገረው መዝገብ ነው። ተመሳስሎ የተሠራ መኪና በራሱ ነውር የለበትም፤ ሻጩ እንዲህ ነው ብሎ ከተናገረ፣ ገዢው በልኩ ከፍሎ በደስታ ይነዳዋል። ነውሩ የሌላውን ስም አልብሶ መሸጡ ላይ ነው።

ወረቀት ምን ያህል እንደሚመዝን የሚያሳይ ሌላም ታሪክ አለ። በ1968 በወጣው «ቡሊት» በተባለው ፊልም ስቲቭ ማክዊን የነዳውን አረንጓዴ ፎርድ ሙስታንግ፣ በ1974 አንድ ባለ ትዳር በ6,000 ዶላር ገዛው። ሚስቲቱ መምህርት ነበረችና እየነዳችው ወደ ትምህርት ቤቷ ትመላለስ ነበር። በ1977 ማክዊን መኪናውን እንዲመልሱለት በደብዳቤ ጠየቃቸው፤ እነርሱ ግን አልሸጡም። በ1980 ፍሪሲዮኑ ተበላሽቶ ከመንገድ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተደብቆ ኖረ፤ በጥር 2018 በዲትሮይት የመኪና ትርኢት ላይ ለሕዝብ ታየ። በጥር 2020 በፍሎሪዳ በተደረገ ጨረታም፣ የአጫራቹን ክፍያ ጨምሮ በ3 ሚሊዮን 740 ሺህ ዶላር ተሸጠ። መኪናው ቀለሙ የደበዘዘ፣ አካሉ የተጫጫረ እንጂ እንደ አዲስ የታደሰ አልነበረም። ነገር ግን የሻንሲ ቁጥሩ አልተነካም፤ የማክዊን ደብዳቤም በቤተሰቡ እጅ ተጠብቆ ነበር።

እኛ የምንገዛው ለሥራና ለቤተሰብ የሚሆን ያገለገለ መኪና ነው እንጂ የሰብሳቢ ዕቃ አይደለም። ቢሆንም በብዙ ዓመት ቁጠባ የተሰበሰበ የቤት ገንዘብ በአንድ ቀን የሚወጣበት በመሆኑ፣ ጥንቃቄው አንድ ነው። ባልና ሚስት አብረው ይሂዱ። አንዱ በሊብሬው ላይ ያለውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ያንብብ፤ ሌላው ከብረቱ ላይ ያለውን ያመሳክር። ትንሽ ማግኔት ይዞ በሮቹንና ፓራፋንጎውን መሞከርም ይበጃል፤ ከቀለሙ በታች ስቱኮ በብዛት ከተሞላ ማግኔቱ አይይዝም። ከተገዛ በኋላም ምን መቼ እንደ ተለወጠ የሚጻፍበት አንድ ደብተር ይኑር፤ የጋራዡ ደረሰኝ ሁሉ በውስጡ ይቀመጥ። መኪናው በሚሸጥበት ቀን ለገዢው በቅድሚያ የሚዘረጋው ያ ደብተር ይሁን።