ዳያል ካሊፐርን እንተዋወቅ

ቶርኖ ቤት ገብቶ ቶርኖውን የማያደንቅ የለም። የተቆረጠው ብረት ልክ መሆኑን የሚመሰክረው ዳያል ካሊፐር ግን ከመዶሻና ከመፍቻ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ተጥሎ ይውላል። ይህ ሁሌም ያንገበግበኛል። ካሊፐሩ ባትሪ አይጠይቅም፤ የልኩን ለውጥም መርፌው ሲዞር በዓይን ያሳያል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ልኬት በተጻፈበት ረጅም ግንድ ላይ ጥርስ የወጣለት ቀጭን ዘንግ አለ፤ በግንዱ ላይ የሚሄደው ተንሸራታች ሲገፋ በውስጡ ያለች ትንሽ ማርሽ በጥርሶቹ ላይ እየተሽከረከረች በሰሌዳው ላይ ያለውን መርፌ ታዞራለች። መርፌው በአንድ ዙር 1 ሚሊሜትር በሚቆጥርበት ካሊፐር ግንዱ 24ን አልፎ መርፌው 36 መቶኛ ላይ ከቆመ፣ ልኩ 24.36 ሚሊሜትር ነው። ትልልቆቹ መንጋጋዎች ለውጭ፣ ትንንሾቹ ለውስጥ፣ ከጫፍ የሚወጣው ዘንግ ለጥልቀት ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልግባ። ብዙ ሰው የሰሌዳው መስመር ቀጭን ስለሆነ ልኩም የዚያኑ ያህል የታመነ ይመስለዋል። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤርንስት አቤ በ1890 እ.ኤ.አ. የሚለካው ዕቃና የመለኪያው መስመር በአንድ ቀጥታ ላይ ይዋሉ ብሎ ነበር። በሌላው የልክ መሣሪያ፣ በማይክሮሜትር፣ ይህ ተሟልቷል። በካሊፐር ግን ዕቃው መንጋጋው መሀል፣ ልኩ ግንዱ ላይ ነው። ስለዚህ በአውራ ጣት አጥብቀው ሲገፉት ተንሸራታቹ በመጠኑ ያዘነብላል፤ የመንጋጋው ጫፍ ይከፈታል፤ ልኩም አንሶ ይነበባል። አንድን ዘንግ አንዴ ከመንጋጋው ሥር፣ አንዴ ከጫፉ አጥብቀው ይለኩት፤ መርፌው የተለያየ ቦታ ሊቆም ይችላል። መፍትሔው ዕቃውን ወደ ግንዱ አስጠግቶ በለስላሳ ግፊት መያዝ፣ ከዚያም ካሊፐሩን በመጠኑ እያወዛወዙ የዘንጉን ትንሹን ንባብ መፈለግ ነው። ጠባብ ቀዳዳ ላይ ደግሞ የውስጥ መንጋጋዎቹ ጠርዝ ዝርግ በመሆኑ ቀዳዳው ከእውነተኛ ስፋቱ ጠብቦ ይነበባል።

ካሊፐር የማይበቃበት ሥራም አለ። ለምሳሌ 6204 ቁጥር ኩሽኔታ የውስጥ ስፋቱ 20 ሚሊሜትር ነው። ዘንግ ላይ ጠበቅ ብሎ እንዲገባ ሲፈለግ ዘንጉ ከ20.002 እስከ 20.015 ሚሊሜትር እንዲሆን የሚታዘዝበት ጊዜ አለ። ጥሩ ካሊፐር እንኳ ሁለት ሦስት መቶኛ ሚሊሜትር ሊስት ስለሚችል በዚህ ሥራ ላይ ሊፈርድ አይችልም። እዚህ ማይክሮሜትር ያንሱ።

አንድ ጋራዥ ውስጥ አንድ ወጣት በመንጋጋው ጫፍ ብረት ላይ መስመር ሲጭር አይቼ እንዲተው ለምኜዋለሁ። ጫፉ አንዴ ከተበላ የሚመልሰው የለም። እየዞረ ያለ ሥራ ላይ ካሊፐር የሚያስገቡም አሉ፤ ይህ መሣሪያውንም ጣትንም የሚያስከፍል ድፍረት ነው። በጥርሶቹ መሀል የገባ የብረት ብናኝ ደግሞ ማርሿን ጥርስ ያዘልላታል። መርፌው በየጊዜው ዜሮውን ከቀየረ ሰሌዳውን አዙሮ ዜሮ ላይ ማምጣት ችግሩን መሸፈን ነው፤ መጀመሪያ ጥርሶቹን በብሩሽ ያጽዱ።

ያገለገለ ካሊፐር ሲገዙ መንጋጋዎቹን ገጥመው ወደ ብርሃን ያንሱት። በመሀል ብርሃን ካሳለፈ ሰሌዳው ምንም ቢያምር አይግዙት።